የወጋም አልረሳም

«መቶ ዓመት ላለፈው ነገር ዛሬ ማንን ለመክሰስ ነው?» የአርመኖች ጉዳይ በተነሣ ቁጥር ይህ ጥያቄ ቀድሞ ይመጣል። ጠያቂው አብዛኛውን ጊዜ ክፉ ሰው አይደለም። ዲፕሎማት ከሆነ «ታሪክን ለታሪክ ምሁራን እንተው» ይላል፤ ጋዜጠኛ ከሆነ «ጦርነት ነበር፣ ሁሉም ወገን አልቋል» ይላል፤ ሽማግሌ ከሆነ ደግሞ «የሞተን ከመቀስቀስ ይቅር መባባል ይሻላል» ይላል። ሦስቱም ጨዋ አነጋገሮች ናቸው፤ የሚናገራቸውም ሰው ሰላም ፈላጊ ይመስላል። እኔ የምሟገተው ከእነዚሁ ጋር ነው። በአደባባይ ወጥቶ «ገደልን፣ ደግ አደረግን» የሚል ነፍሰ ገዳይ ብዙ ደጋፊ አያገኝም። የአርመኖችን አቤቱታ ከመቶ ዓመት በላይ ከችሎት ደጃፍ ላይ ያስቆመው «ይቅር፣ ይተው» የሚለው ጨዋ ድምፅ ነው።

በመጀመሪያ የሆነውን ነገር በአጭሩ እናስቀምጥ (ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ኤፕሪል 24 ቀን 1915 ሌሊት የኦቶማን መንግሥት በዋና ከተማው በቁስጥንጥንያ ከሁለት መቶ በላይ የአርመን ጸሐፊዎችን፣ መምህራንን፣ ሐኪሞችንና ካህናትን ከየቤታቸው ለቅሞ አሰረ፤ ብዙዎቹ ከግዞት አልተመለሱም። በሜይ ወር መጨረሻ የማፈናቀያው ሕግ ወጣ። በአገር ግዛት ሚኒስትሩ በታላት ፓሻ ትእዛዝ፣ አርመኖች በየከተማውና በየመንደሩ ከቤታቸው ወጡ። ወንዶቹ በአብዛኛው ከመንደሩ ብዙም ሳይርቁ ተገደሉ፤ ሴቶች፣ ሕፃናትና አዛውንት በእግራቸው ወደ ሶርያ በረሃ ተነዱ። በመንገድ በጥይትና በሰይፍ፣ በረሃብና በውኃ ጥም አለቁ፤ በረሃው ውስጥ እስካለችው ዴር ኤዝ ዞር ድረስ የዘለቁትም ብዙዎቹ እዚያው ታረዱ። የሟቾቹ ቁጥር ከ600 ሺህ እስከ 1.5 ሚሊዮን ይገመታል። አብዛኞቹ ተመራማሪዎች ወደ ላይኛው ያዘነብላሉ።

«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» እንላለን። «እርሱት» ባዮች የሚቆሙት በዚህ ተረት ላይ ነው። ገዳዩ ወገን ነገሩን ከረሳው ቆይቷል፤ አልለቅ ያለው ተጎጂው ብቻ ነው፤ ስለዚህ እሱም ቢረሳ ነገሩ ያበቃል ይላሉ። በአርመኖች ጉዳይ ግን የወጋም አልረሳም። የረሳ ሰው ዘበኛ አያቆምም። በ1930ዎቹ አጋማሽ ኤም ጂ ኤም የተባለው የሆሊውድ ኩባንያ፣ ፍራንዝ ቨርፈል ሙሳ ዳግ በተባለው ተራራ ላይ ስለመከቱት አርመኖች የጻፈውን ልብ ወለድ ወደ ፊልም ሊለውጥ ሲነሣ፣ በዋሽንግተን የቱርክ አምባሳደር ለአሜሪካ መንግሥት አቤት ብለው አስቀሩት። በ1943 የታላት ፓሻ አፅም ከሂትለር ጀርመን ተነሥቶ መጥቶ ኢስታንቡል ላይ በመንግሥት ክብር ተቀበረ፤ ዛሬም በአንካራ በስሙ የሚጠራ ሰፊ ጎዳና አለ። በ2005 በሥራ ላይ የዋለው የቱርክ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 301 «ቱርካዊነትን ማዋረድ» የሚል ጥፋት ደነገገ፤ ስለ አርመኖች እልቂት የተናገሩ ደራሲዎችና ጋዜጠኞችም በዚሁ አንቀጽ ፍርድ ቤት ቀረቡ። ይህ ሁሉ የተዘነጋ ነገር ምልክት ነው? የአርመኖችን እልቂት ከአርመኖች ቀጥሎ በየዕለቱ የሚያስታውስ ቢኖር፣ የሚክደው መንግሥት ነው። ስለዚህ «እርሱት» የሚለው ምክር ለአንድ ወገን ብቻ የተሰጠ ነው፤ ተበዳዩ ይርሳ፣ በዳዩ ይጠብቅ።

ዝምታ ሰላም ያመጣል የሚለው ሐሳብም አልተሞከረም እንዳይባል ተሞክሯል፤ ለዚያውም ሃምሳ ዓመት። በ1920 የተፈረመው የሴቭር ውል ለእልቂቱ ተጠያቂ የሆኑ ሰዎች ለፍርድ እንዲሰጡ ያዝዝ ነበር። ውሉ ግን ሥራ ላይ ሳይውል ቀረ። በ1923 በሎዛን የተተካው ውል አርመን የሚል ስም እንኳ አላነሣም፤ ከውሉ ጋር የተያያዘ መግለጫም ለጦርነቱ ዘመን ጥፋቶች ምሕረት ሰጠ። ከዚያ በኋላ ታላላቆቹ መንግሥታት ዝም አሉ። በሶቭየት አርመንያም ስለ እልቂቱ በአደባባይ መናገር የተከለከለ ያህል ነበር። ዝምታ መድኃኒት ቢሆን ኖሮ ቱርክ ውስጥ የቀሩት አርመኖች በእነዚህ ዓመታት በሰላም መኖር በቻሉ ነበር። የሆነው ግን ሌላ ነው። በ1942 የወጣው የሀብት ግብር በስሙ ለሁሉም ቢሆንም በተግባር ክርስቲያኖችንና አይሁዶችን ለይቶ አራቆተ፤ መክፈል ያልቻሉት አሽካሌ ወደሚገኝ የጉልበት ሥራ ካምፕ ተላኩ። በሴፕቴምበር 1955 ኢስታንቡል ውስጥ በግሪኮች ላይ የተነሣው ሁከት የአርመኖችንም ሱቅና ቤተ ክርስቲያን አልማረም። ያልተከሰሰ ወንጀል ለቀጣዩ ፈቃድ ይሆናል። አርመኖች በየሬቫን አደባባይ ወጥተው ድምፃቸውን ያሰሙት ከሃምሳ ዓመት ትዕግሥት በኋላ፣ ኤፕሪል 24 ቀን 1965 ነው። በዚያው ዓመት ኡራጓይ ከመንግሥታት ሁሉ ቀድማ ዕውቅና ሰጠች።

የተዘጋ በር ሌላም ነገር አመጣ። በ1921 ሶጎሞን ተህሊሪያን የተባለ ወጣት ታላት ፓሻን በርሊን ጎዳና ላይ በጥይት ገደለ፤ የጀርመን ዳኞች ጉባኤም ነፃ ለቀቀው። በ1970ዎቹና በ80ዎቹ የታጠቁ የአርመን ቡድኖች የቱርክ ዲፕሎማቶችን እያደኑ ገደሉ፤ በ1983 በፓሪሱ ኦርሊ አውሮፕላን ማረፊያ በፈነዳው ቦምብ ስምንት ሰዎች ሞቱ። በ1915 ያልተወለደን ዲፕሎማት ወይም ሻንጣውን ይዞ የተሰለፈን መንገደኛ መግደል ፍትሕ አይባልም፤ ይህን ለማለት የሚያመነታ አርመን ካለ ከእሱም ጋር እከራከራለሁ። ነገር ግን ወጣቱ ዳኛ እንደሌለ ባየበት ቦታ ጠመንጃ ዳኛ ነኝ ብሎ እንደሚመጣ፣ «ይተው» ባዮቹ ሊያውቁት ይገባ ነበር።

አሁን ወደ «ታሪክ ምሁራን» እንምጣ። ከሦስቱ ጨዋ አነጋገሮች በጣም የተማረ የሚመስለው ይህ ነው፤ በጣም ባዶውም ይኸው ነው። ምሁራኑ ሥራቸውን ጨርሰዋል። የዘርፉ ተመራማሪዎች ዓለም አቀፍ ማኅበር በ1997 ድርጊቱ ዘር ማጥፋት መሆኑን በውሳኔ አረጋግጧል። ከእነሱ ቀድሞም የኦቶማን መንግሥት የራሱ የጦር ፍርድ ቤት በጁላይ 1919 ታላትንና ተባባሪ መሪዎቹን ኤንቨርንና ጀማልን በሌሉበት ሞት ፈርዶባቸዋል። ያ ችሎት በአሸናፊዎቹ ጥላ ሥር የተቀመጠ ነበር ቢባል እንኳ፣ በጦርነቱ የኦቶማን አጋር የነበረችው ጀርመን ምን ብላ ነበር? አምባሳደሯ ቫንገንሃይም በጁላይ 1915 ለመንግሥቱ በላከው ዘገባ፣ የኦቶማን መንግሥት የአርመንን ዘር ከግዛቱ የማጥፋት ዓላማ ይዞ እየሠራ መሆኑን ገልጿል። ይህን የጻፈው የጠላት አገር ሰው አይደለም፤ አጋር ነው።

«ለምሁራን እንተው» የሚለው መንግሥት ምሁራኑን እንዴት እንደተቀበላቸውም እንይ። በ2005 የቱርክ ታሪክ ምሁራን ራሳቸው፣ በራሳቸው ቋንቋ፣ በራሳቸው ዩኒቨርሲቲ ኢስታንቡል ላይ ስለ ኦቶማን አርመኖች ጉባኤ ጠሩ። የዚያን ጊዜው የፍትሕ ሚኒስትር ፓርላማ ውስጥ ተነሥተው ይህ ሕዝባችንን ከጀርባ መውጋት ነው አሉ፤ ጉባኤውም ተሰረዘ። በሴፕቴምበር እንደገና ሲጠራ ፍርድ ቤት አገደው። በመጨረሻ የተካሄደው ወደ ሌላ ዩኒቨርሲቲ ተዛውሮ፣ በፖሊስ ጥበቃና በተቃዋሚ ጩኸት መካከል ነው። ጉዳዩን ለምሁራን የተወ መንግሥት ምሁር አይከስም።

ከዚህ ሁሉ የሚብሰው የህራንት ዲንክ ነገር ነው። ዲንክ ኢስታንቡል ውስጥ በቱርክኛና በአርመንኛ የሚታተመው የ«አጎስ» ጋዜጣ አዘጋጅ ነበር። የጨዋዎቹን ምክር ከጨዋዎቹ በላይ የተቀበለ ሰው ነው። ቱርኮችና አርመኖች በቅድሚያ እርስ በርስ ይነጋገሩ፣ የውጭ ፓርላማ አይግባብን ይል ነበር፤ ፈረንሳይ እልቂቱን መካድ በወንጀል እንዲያስቀጣ ልታደርግ ስትነሣም በግልጽ ተቃወመ። ይህ ሰው በአንቀጽ 301 ጥፋተኛ ተባለ። ጃንዋሪ 19 ቀን 2007 ጋዜጣው ደጃፍ ላይ በአንድ ጎረምሳ ጥይት ተገደለ። የአውሮፓ የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤት በ2010 የቱርክ መንግሥት የዲንክን ሕይወት የመጠበቅ ግዴታውን እንዳልተወጣ፣ ሐሳብን የመግለጽ መብቱንም እንደጣሰ ወሰነ። ለለዘብተኛው ሰው እንኳ ቦታ ከሌለ «ዝግ ብላችሁ ተናገሩ» ማለት ምን ትርጉም አለው?

«ጦርነት ነበር» ለሚለው መልሱ ረጅም አይደለም። አዎን፣ ጦርነት ነበር፤ ብዙ ሙስሊም ቱርኮችና ኩርዶችም በረሃብ፣ በበሽታና በጥይት አልቀዋል። ከሩስያ ጦር ጋር የተሰለፉ የአርመን ፈቃደኞች ነበሩ፤ ቫን ከተማ ላይም አርመኖች መሣሪያ አንሥተዋል። ይህን የሚሸሽግ ሰው ክርክሩን ያዳክማል። ግን ከሩስያ ግንባር በብዙ መቶ ኪሎ ሜትሮች የራቁት የአንካራና የቡርሳ አርመኖች ለምን ተነዱ? በኦቶማን ጦር ውስጥ የሚያገለግሉት አርመን ወታደሮች ትጥቃቸውን ፈትተው በጉልበት ሥራ ጓድ ውስጥ ከገቡ በኋላ ለምን ተገደሉ? የሦስት ዓመት ሕፃን የማን ሰላይ ነው? ጦርነቱ ለእልቂቱ ጥላ ሆነለት እንጂ ምክንያቱ አይደለም።

ተቃዋሚዎቼ ትክክል የሆኑበት አንድ ነጥብ አለ፤ የፓርላማዎቹ ግብዝነት። ባራክ ኦባማ በምርጫ ቅስቀሳው ዘር ማጥፋት እንደሚለው ቃል ገብቶ፣ በሥልጣን በቆየባቸው ስምንት ዓመታት ቃሉን ከአንደበቱ አላወጣም። የአሜሪካ የሕዝብ እንደራሴዎች ምክር ቤት በኦክቶበር 2019 የዕውቅና ውሳኔውን ያሳለፈው፣ ቱርክ ሰሜን ሶርያ ገብታ ዋሽንግተንን ካስቆጣች ከሳምንታት በኋላ ነው። ጆ ባይደን ቃሉን የተናገረው በ2021 ነው። ጀርመን በቱርክ ቁጣ መካከል በ2016 ዕውቅና የሰጠችው የራሷንም የያኔ አጋርነት በመቀበል ነው፤ ይህን ያህል ሐቀኝነት ግን ከሌሎቹ ብዙ አልታየም። ታዲያ ምስክሩ ዘግይቶ፣ ለጥቅሙም ብሎ ቢመጣ እውነቱ ይሰረዛል? ችግሩ ዕውቅናው ከተሰጠ በኋላ ሁሉም ነገር እንዳለቀ መቆጠሩ ነው። እልቂቱን የካደን ሰው ማሰርም አልደግፍም፤ የፈረንሳይ የሕገ መንግሥት ምክር ቤት እንዲህ ያለውን ሕግ በ2012 መሻሩ ትክክል ነበር። ከሃዲን በማስረጃ መርታት ከተቻለ እስር ቤት አያስፈልግም።

ነገሩ በቃል ክርክር ብቻ የቀረው፣ ከቃሉ በስተጀርባ ንብረት ስላለ ነው። በ1915 «የተተወ ንብረት» የሚባሉ ሕጎች ወጡ። ባለቤቱ በወታደር ተነድቶ የወጣበት ቤት «የተተወ» ተባለ። ያኔ የኦቶማን ምክር ቤት አባል የነበሩት አህመት ሪዛ፣ አርመኖች ቤታቸውን ወደው አልተዉም ብለው ሕጉን ተቃውመው ነበር፤ የሰማቸው አልነበረም። ቤቱ፣ እርሻው፣ ወፍጮው፣ ትምህርት ቤቱና ቤተ ክርስቲያኑ ለመንግሥት፣ ለአካባቢው ሹማምንትና ከባልካን ተባርረው ለመጡ ሙስሊም ስደተኞች ተከፋፈለ። በ1927 የወጣ ሕግ ደግሞ ውጭ አገር የቀሩትን ዜግነት ነጠቀ፤ የሸሸው ተመልሶ «ቤቴን» እንዳይል። የፍትሕ ጥያቄው መጀመሪያ ይህ ነው። ድንበር ይቀየር የሚሉ ድምፆች አሉ፤ እኔ ከእነሱ ጋር አይደለሁም፤ ዛሬ በዚያ ምድር የሚኖረውን ገበሬ ማፈናቀል ሌላ በደል ነው። የመሬት መዝገቦችን ለተመራማሪ መክፈት፣ አብያተ ክርስቲያናትንና የማኅበረሰብ ተቋማትን መመለስ፣ ለተወረሰው ካሳ መነጋገር ግን የማንንም ድንበር አይነካም። ይህ እንደሚቻል ቱርክ ራሷ አሳይታለች። ዲንክ በልጅነቱ ያደገበት፣ በወላጅ አልባ ሕፃናት እጅ የተሠራውና በኋላ ተወስዶ የነበረው የቱዝላው ካምፕ አርመን፣ ሊፈርስ ሲል ወጣቶች ለወራት ድንኳን ተክለው ተከላከሉት፤ በ2015 ለአርመን ማኅበረሰብ ተመለሰ። አንድ ግቢ ሲመለስ ቱርክ አልፈረሰችም። ሌሎቹስ ቢመለሱ ምን ትሆናለች?

ክህደቱ ከአርመኖች ቀጥሎ በጣም የበደለው ቱርኮችን ነው። መህመት ጀላል በይ የሐለብ፣ ቀጥሎም የኮንያ አገረ ገዥ ሆነው አርመኖች እንዳይነዱ የቻሉትን አድርገዋል፤ በዚሁ ከሹመታቸው ተነሡ። ሁሴይን ነሲሚ የሊጄ ወረዳ ገዥ ነበሩ፤ ትእዛዙን አልፈጽምም በማለታቸው ተጠርተው መንገድ ላይ ተገደሉ። እልቂት አልነበረም ከተባለ እነዚህ ሰዎች ምንን ነው የተቃወሙት? ቱርክ ለልጆቿ በኩራት ልታስተምር የምትችለው ስም የእነሱ ነበር። የጎዳናውን ስም ግን ለታላት ሰጠች።

ለእኛስ? ይህ የሩቅ ሰዎች ነገር ነው የሚል ኢትዮጵያዊ አንባቢ ካለ የየካቲት 12ን ነገር ያስብ። በእኛ አቆጣጠር በ1929 ዓ.ም. የግራዚያኒ ወታደሮችና ጥቁር ለባሾች በሦስት ቀን አዲስ አበባን በደም አጠቧት። ኢትዮጵያ ወንጀለኞቹ እንዲዳኙላት ብዙ ደከመች፤ የተባበሩት መንግሥታት የጦር ወንጀል ኮሚሽንም በ1948 ባዶሊዮንና ግራዚያኒን ጨምሮ ጣሊያናውያንን በተጠርጣሪነት መዘገበ። አንዳቸውም ለኢትዮጵያ ችሎት አልቀረቡም። በ2012 በጣሊያኗ አፊሌ ከተማ ለግራዚያኒ መታሰቢያ ሲቆም በአገር ውስጥም በስደትም ያለን ተቆጣን። ያኔ «ሰባ አምስት ዓመት አልፎታል፣ ለምሁራን ተዉት» ያለን ሰው ቢኖር ምን እንመልስለት ነበር? ለራሳችን የማንቀበለውን ምክር ለአርመኖች እንዴት እንለግሳለን?

ይህ ምክር በተለይ ከእኛ አፍ ሲወጣ ያሳፍራል። የዘር ማጥፋት ወንጀልን ለመከላከልና ለመቅጣት የተደረገውን ስምምነት ከዓለም አገሮች ሁሉ ቀድማ፣ ጁላይ 1 ቀን 1949 ያጸደቀችው ኢትዮጵያ ናት። የስምምነቱ አባት የሆነው ራፋኤል ለምኪን ስለዚህ ወንጀል ማሰብ የጀመረው ገና ተማሪ ሳለ፣ የአርመኖችን ዕጣና የተህሊሪያንን ክስ ሰምቶ ነው። ከዚያም በፊት በ1924 አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌም ላይ ከእልቂቱ የተረፉ አርባ ወላጅ አልባ አርመን ወጣቶችን አይተው አዲስ አበባ አመጧቸው። «አርባ ልጆች» ተባሉ፤ የንጉሠ ነገሥቱ የሙዚቃ ጓድ ሆኑ። አስተማሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የንጉሠ ነገሥቱን ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ ደረሱ፤ የወንድማቸው ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያንም ለዘመናዊ ሙዚቃችን መሠረት ከጣሉት አንዱ ናቸው። ለሃምሳ ዓመት ያህል በየሰልፉና በየትምህርት ቤቱ የቆምንለት ዜማ ከዚህ እልቂት በተረፈ ሕዝብ እጅ የመጣ ነው።

በእኛ አገር «ዘር ማጥፋት» የሚለው ቃል በፖለቲከኞች አፍ ስለረከሰ መስማት የሰለቸው ብዙ ነው። የረከሰን ቃል ማክበር የሚቻለው ግን በማስረጃ ለተረጋገጠው ሳይሳሳ ሰጥቶ፣ ላልተረጋገጠው በመንፈግ ነው። የአርመኖች ጉዳይ በማስረጃ የተሞላ ነው። ስምምነቱን በቀዳሚነት ያጸደቀች አገር ምክር ቤትም በ1915 የሆነውን በስሙ ቢጠራ ለማንም ባዕድ አጀንዳ አይሆንም፤ የራሱን ፊርማ ማክበሩ ነው።

«ይቅር ተባባሉ» የሚሉትን ሽማግሌዎች በመጨረሻ አንድ ነገር ልጠይቃቸው። በእኛ ሽምግልና በዳይ «አልበደልኩም» እያለ ዕርቅ የተቀመጠበት ቦታ አለ? መጀመሪያ በደል ይነገራል፤ በዳይ ያምናል፤ ካሳው ይቆረጣል፤ ከዚያ በኋላ ይቅርታ ይጠየቃል። ያን ጊዜም ይቅር ማለት ወይም አለማለት የተበዳዩ ሥልጣን ነው። በአርመኖች ስም ይቅር እንድንል፣ በአርመኖች ስም እንድንረሳ ውክልና የሰጠን የለም።